አህያዋ ጻድቅ፣ አማቴ ሰይጣን

እኔ ብሩሽ ይዤ ቁጭ ስል ቤታችን ውስጥ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ለጥበብ ክብር እንዳይመስላችሁ፤ ቀለሙ ስለሚሸት ነው። ከጥቀርሻ፣ ከተቆላ ገብስና ከምን ከምን ቅጠል ተቀይጦ ወራት ሙሉ የሚቦካ ጥቁር ቀለም ነው። የሚያዘጋጁልኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲጽፉ የኖሩ አንድ ደብተራ ናቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን የጠርሙስ ቀለምም ሞክሬዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ ሲነካው የሚያለቅስ ነገር ነው። የደብተራው ቀለም ግን አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፣ ወረቀቱ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይለቅም። እናቴ «ይሄ ነገር ቤት ውስጥ የሞተ አይጥ ያለ ያስመስላል፣ እንግዳ ሲመጣ በሞቴ ደብቂልኝ» ትላለች። እኔም እደብቃለሁ። ዝንቦቹ ግን የት እንዳለ ያውቃሉ።

ሥራዬ ኮሚክ መሳል ነው። ላሊበላ ላይ «ሠዓሊ ነኝ» ያለ ሰው ወዲያው የሚጠየቀው የትኛውን መልአክ እንደሚስል ነው። እኔ የምስለው በፍየል የተባረረ ፖሊስ፣ መብራት ሲመጣ እስክስታ የሚወርዱ የሆቴል አስተናጋጆች፣ ለፈረንጅ ሲያስረዳ ዓመተ ምሕረቱ የጠፋበት አስጎብኚ ነው። ገጹን በሣጥን በሣጥን እከፍልና መጀመሪያ በእርሳስ እስላለሁ፤ ከዚያ በብሩሽና በቀለም እደግመዋለሁ። እርሳሱ ጨዋታ ነው፣ ሥራው ብሩሹ ነው። በእርሳስ ብትሳሳቱ ላጲስ አለ። ብሩሽ ይዛችሁ ብታስነጥሱ ግን ባለታሪኩ እስከ ዕለተ ሞቱ ጢም ያበቅላል።

ብሩሽ አያያዝ የተማርኩት ለቱሪስት የቆዳ ላይ ሥዕል የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ቅዱሳኑን ቀለም ይቀባል፣ እኔ ዙሪያቸውን በጥቁር አሰምራለሁ። ስንቱን ጻድቅ ባለ ቅንድብ አድርጌዋለሁ መሰላችሁ! ቱሪስቱ የጠፋ ጊዜ ሱቁ ተዘጋ፣ እኔም ብሩሼን ይዤ ከጻድቃኑ ወደ ጎረቤቶቼ ዞርኩ። ጎረቤቶቼ ብዙም ጻድቅ አይደሉም፣ ለመሳል ግን ይመቻሉ።

ያ ዓመተ ምሕረት የጠፋበት አስጎብኚ ያልኳችሁ ሰው ኋላ እጮኛዬ ሆነ። መጀመሪያ የተዋወቅነው ሊጣላኝ መጥቶ ነው። ሥዕሉን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመና «አሁን እውነት ጆሮዬ ይሄን ያህላል?» አለኝ። ጆሮውን አየሁት። «እንዲያውም አሳንሼልህ ነው» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእናቴም አልነገርኳት፣ ለእናንተም አልነግራችሁም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለት ሰው ስለተዋደደ ብቻ ነገር አያልቅም። የልጁ አባት ወደ ልጅቷ ቤት ሽማግሌ መላክ አለባቸው። ሽማግሌ ካልተላከ እንኳን ሠርግ፣ አብሮ መንገድ መሄድም ለወሬ ነው። የእሱ አባት ከላሊበላ ራቅ ብሎ ብልባላ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሉት። እኔን አይተውኝ አያውቁም። ስለ እኔ የሰሙት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም ለልጃቸው እንዲህ ብለው ነው የጠየቁት፦ «ያቺ በሰው እያሾፈች የምትስለዋ ናት?»

እናም በሰው የማላሾፍ፣ አማት የማከብር ልጅ መሆኔን ላሳያቸው አሰብኩ። እንዴት? በኮሚክ! ወይ አለማወቅ።

ታሪኩን የነገረኝ እጮኛዬ ነው። አንድ ቀን አባቱ ከገበያ ጨው በአህያ ጭነው ሲመለሱ፣ አህያዋ የማያውቁት ሰው የሠርግ ዳስ በር ላይ ትቆማለች። ይገፏታል፣ ያባብሏታል፣ ይሰድቧታል፤ ወይ ፍንክች! ከዳሱ ውስጥ ያዩ ሰዎች «ኧረ እንግዳ በር ላይ ቆመ!» ብለው እየጎተቱ ያስገቧቸዋል። የሴቷ ወገን የወንዱ ዘመድ ናቸው ብሎ ያስባል፣ የወንዱ ወገን የሴቷ። ከፊት አስቀምጠው አበሏቸው፣ አጠጧቸው። በመጨረሻ በዕድሜ ትልቁ እሳቸው ሆነው ተገኙና ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸውን ሙሽሮች ወልዳችሁ ክበዱ ብለው መርቀው ወጡ። ሲወጡ አህያዋ ማንም ሳይነካት መንገዷን ቀጠለች።

ይሄን ታሪክ ያልሳለ ሰው ብሩሽ ለምን ይይዛል? ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። የአባቱ ግራ ዐይን አያይም። ጎልማሳ ሳሉ ገብስ ሲያበራዩ ጭድ ገባበትና ነጭ ሆኖ ቀረ። እጮኛዬ ይህን የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ እሳቸው ብልባላ፣ እኛ ላሊበላ ሆነን እንኳ። «እኛ ቤት አይነሳም። አንቺም እንዳታነሺው። እንዳትስዪውም» አለኝ።

«እንግዲያስ ከቀኝ በኩል፣ በጎን እስላቸዋለሁ። የታመመችው ዐይን አትታይም» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ኮራሁ፤ እንዲህ ያለች አስተዋይ ምራት ከየት ይመጣል ብዬ።

ከመጀመሪያው ሣጥን እስከ መጨረሻው ድረስ ሰውየውን በጎን ሳልኳቸው። ሲገፉ በጎን፣ ሲበሉ በጎን፣ ሲመርቁ በጎን። አፍንጫቸው ለብሩሽ የተሠራ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ ከግንባር ተነስቼ አገጭ ላይ አርፋለሁ። አህያዋን ግን ሰው እንዲወዳት ብዬ ፊት ለፊት ሳልኳት፤ በሁለት ትላልቅ ዐይኖች፣ ሽፋሽፍቷን ሳይቀር በብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ እየነቀስኩ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ፀሐይዋን ከአህያዋ ጭንቅላት ጀርባ አደረግኳት፣ ክብ አድርጌ፣ ጨረሯን ዙሪያውን ስዬ። በጣም አምሮብኝ ነበር። ገጾቹን በክር ሰፋሁና ለእጮኛዬ ሰጠሁት፣ ቅዳሜ ይዞላቸው ሄደ።

እሑድ ማታ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አነበቡት?»

«አነበቡት።»

«ሳቁ?»

«መጀመሪያ ላይ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቱ ቅዳሜ ማታ አይተውት በሳቅ ፈርሰዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ጠርተው «ምራቴ የሳለችኝን ላሳያችሁ» ብለው ዘረጉት። ልብ በሉ፣ ምራቴ ብለዋል! አንዱ ጎረቤት ሥዕሉን ቀረብ ብሎ አየና «እንዴ፣ አንተን ምነው በአንድ ዐይን አደረገችህ?» አላቸው። ገለጡ። አንድ ዐይን። ሌላ ገጽ ገለጡ። አንድ ዐይን። እስከ መጨረሻው ገለጡ፤ እዚያ ላይ አህያዋ በሁለት ዐይኗ ፊት ለፊት እያየቻቸው፣ ጭንቅላቷ ዙሪያ ብርሃን ከቧት ቆማለች።

«አህያዋን ጻድቅ፣ እኔን ሰይጣን!» ብለው ጮኹ አሉ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ነው የሚያያችሁ። በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ሰማዕታቱን የሚያሠቃይ ወታደር ነው። ይህን የላሊበላ ድመት ሳይቀር ታውቃለች። እኔ ደግሞ ስንትና ስንት የሰይጣን አፍንጫ በጎን ያሰመርኩ ሰው ነኝ! ግን ኮሚክ ሌላ ነገር ነው። ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን እርስ በርስ አያወሩም፣ ሁሉም እኛን ነው የሚያዩት። ኮሚክ ውስጥ ያለ ሰው ያወራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ከአህያ ጋር ይሟገታል፤ ፊቱን ወደሚያናግረው ካላዞረ እንዴት ይሆናል? በዚያ ላይ ሐሳቤ ሁሉ ያቺን ዐይን መደበቅ ላይ ነበር። ደበቅኳትና ሰውየውን ለሰይጣን አስረከብኳቸው።

«እና ምን አሉ በመጨረሻ?» አልኩት።

«ሽማግሌ አልልክም አሉ። ሰይጣን ልጁን አይድርም ብለህ ንገራት አሉ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ሰውየው ተቆጥተው እንኳ ነገር ያውቃሉ። ከዚያ ዕንባዬ መጣ። ፈራሁ፣ ምን ልደብቃችሁ። ይሄን ጆሮ ትልቅ ሰውዬ እወደዋለሁ። አባቱ እንቢ ካሉ ደግሞ እሱ አባቱን ትቶ የሚመጣ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ትቶ ቢመጣም አልፈልገውም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «አይ የኔ ነገር! ሰው አማቱን ሰይጣን አድርጎ ይስላል? ለሰይጣኑም እኮ ቀንድ ቢኖረው ይሻል ነበር፣ ቀልድ ነው ይባል ነበር!» አለች።

እጮኛዬ መላ አመጣ። «እንደገና ሳዪያቸው፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ጤነኛ ዐይን። ምንም ያልሆኑ አድርጊያቸው» አለኝ። ይሁን ብዬ ሳልኩ። ቀለሙ ሲደርቅ አየሁት፤ ብድር የከለከለ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚመስለው። ጥርት ያለ፣ የማላውቀው ሰው።

«ይሄ ነው! በጣም አምሮባቸዋል» አለ እጮኛዬ።

«ማን ነው ይሄ?»

«አባቴ ነዋ!»

«ይሄ ነው አባትህ? እስቲ ወዲህ እየኝና ንገረኝ።»

አላየኝም። ደሜ ፈላ። «ከሰይጣን አስታርቀኝ ስልህ የሌላ ሰው አባት ታመጣልኛለህ እንዴ!» ብዬ ብሩሹን ስወረውር ቀለሙ ሄዶ የአስጎብኚነት ሰደርያው ላይ አረፈ። ያ ቀለም ደግሞ የደብተራው ቀለም ነው፤ ሰደርያው እስከ ዛሬ ነብር መስሎ ቀርቷል። ተኳረፍን።

ኩርፊያው ሲሰለቸኝ ዐይኔን በጨው አጥቤ ብልባላ ልሄድ ተነሳሁ። እናቴ በር ላይ ቆመች። «ሽማግሌ ሳይላክብሽ ራስሽ ሽማግሌ ሆነሽ ልትሄጂ? አገር ምን ይላል?»

«አገሩ ያለውን ይበል፣ እኔ የሳልኩትን ላስተካክል ነው።»

እንዲህ ስትቆጣኝ ቆይታ «በይ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ» ብላ ስኳርና ሻይ ቅጠል በፌስታል አሰረችልኝ። እጮኛዬን መኪና ተራ አገኘሁት፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶታል። መኪናው ውስጥ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀለሙን በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ቀድቼ ጭኔ መሐል ይዤዋለሁ። ሹፌሩ መስኮት ሁሉ አስከፈተ።

ሰውየው ደጃቸው መደብ ላይ ተቀምጠው የማጭድ እጀታ ይጠርባሉ። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«የሰይጣን ሠዓሊ።»

«የአህያም ነኝ» አልኩ። አመለጠኝ። እጮኛዬ ከኋላዬ ትን አለው። የሽማግሌው ጢም ትንሽ ስትንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እምላለሁ።

ተቆጥተውም ቢሆን እንግዳ እንግዳ ነው፤ ጠላ በጣሳ ቀዱልን። ከዚያ ገብተው ኮሚኩን በፌስታል ተጠቅልሎ አመጡት። ያልጣሉት ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የገጾቹ ጠርዝ በእጅ ብዛት ወዝቷል። ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጥፋቴን በሙሉ ይቆጥሩብኝ ጀመር። የአህያዋ ጭራ እንዲህ አይቆምም። የዳሱ በር በዚህ በኩል አልነበረም። ጨው የጫንኩት በስልቻ ነው እንጂ በጆንያ አይደለም።

«ደግሞ አህያዋን አልለመንኳትም። አዘዝኳት።»

«ለመኗት ብሎ የነገረኝ ልጅዎ ነው አባባ።»

«እሱ የት ነበረና!»

ልጃቸው ጣሳው ውስጥ አቀረቀረ። ሽማግሌው ኮሚኩን አጠፉት። ድምፃቸው ተለወጠ።

«ይሁን፣ ይሄስ ቀልድ ነው። እኔን ግን ምነው እንዲህ አደረግሽኝ? ሰው ፊት ነው የዘረጋሁት እኮ። አኩርታኝ ነው ብዬ ነው የዘረጋሁት። ጎረቤቴ ሲስቅብኝ የት ልግባ? ምን በድዬሽ?»

ይሄ አንጀቴን በላኝ። ቢጮሁብኝ እመልስ ነበር፣ አፍ አላጣም። እንዲህ ዝቅ ብለው ሲጠይቁኝ ግን ውሸት አልመጣልኝም። እጮኛዬ ከጎን በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ተናገርኩ።

«በጎን የሳልኩዎት የግራ ዐይንዎ እንዳይታይ ብዬ ነው አባባ። ያከበርኩዎት መስሎኝ ነው።»

 ልጃቸው ጣሳውን አስቀመጠ። በቃ አለቀልኝ፣ በገዛ አፌ ሠርጌን ቀበርኩት አልኩ። ሽማግሌው እኔን ትተው ልጃቸውን አዩት።

«አትታይ ያልካት አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

 ከዚያ የሚጠርቡትን እንጨት ወደ ጎን አደረጉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ እኔ።

«ሳዪኝ» አሉ። «እንደ ሰው።»

እርሳስ አላወጣሁም። እርሳስ ባወጣ ልፈራ፣ ላጠፋ፣ ላባብል ነው። ብሩሹን ነክሬ ጫፉን ከንፈሬ ላይ አሾልኩ፤ አዎ፣ በዚያ ሁሉ ሽታ፣ ልማድ ነው። ከግንባራቸው ጀመርኩ። ሽብሽባቸውን፣ ጢማቸውን፣ ቀኝ ዐይናቸውን። ቀኝ ዐይን ጥቁርና ንቁ ነው፣ አንድ ጠብታ ቀለም በቃው። ግራው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በሰው ደንብ ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው፣ በእኔ ሥራ ደግሞ ሳያዩ መሳል ነውር ነው። አየሁት። የዐይኑ ቆብ ትንሽ ወርዷል። ከሥሩ ጠባሳ አለ፣ ቀጭን። ውስጡ ደመና ነው። ቆቡን አሰመርኩ፣ ጠባሳውን አሰመርኩ፣ ብሌኑን ግን ቀለም አላስነካሁትም። ነጭ ነገር በቀለም አይሠራም፤ ወረቀቱን መተው ነው።

ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዙት። 

«ይቺን አልጨረስሻትም» አሉ፣ ነጩ ላይ ጣታቸውን አድርገው።

«ጨርሻታለሁ አባባ። እንዲህ ናት።»

ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዐይናቸው አስጠግተው አዩ።

«እንዲህ ናት» አሉ። «እሷው ናት። ባለቤቴ ነበረች ጠዋት ጠዋት በለብታ ውሃ የምታጥብልኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ ይቺን ላለማየት በቀኜ በኩል ነው የሚያወራኝ። ቄሱም፣ ጎረቤቱም። የገዛ ልጄም።»

ሥዕሉን አጠገባቸው መደቡ ላይ ዘርግተው ነፋስ እንዳይወስደው በማጭዱ እጀታ ጫኑት። «ሽማግሌ እልካለሁ። እናትሽን ጠላ ትጥመቅ በያት» አሉኝ። እኔ እልል ልበል፣ ላልቅስ፣ ግራ ገባኝ።

እሳቸው ግን ልጃቸውን ነበር የሚያዩት። በግራቸው በኩል ያለውን ባዶ መደብ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። እጮኛዬ ተነሳና በፊታቸው ዞሮ እዚያ ተቀመጠ። ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩለት። መጀመሪያ ጫማውን አየ፣ ከዚያ ቀና አለ፣ ቆይቶም ያቺን ዐይን አያት። 

«አባባ፣ ያምዎታል?» አላቸው።

«ነፋስ ሲሆን» አሉት።